ዋስ የሌለው ጨዋታ

ቅዳሜ ማለዳ በአዲስ አበባ ሜዳዎች ላይ ሰውነታቸውን የሚያሟሙቁትን ጎልማሶች ለምን እንደመጡ ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ ለጤና። ቡድናቸውም የጤና ቡድን ይባላል። ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ወርሃዊ መዋጮ አለው። ያረፈደ ይቀጣል፤ አባል ለቅሶ ሲደርስበት ሁሉም ይገኛል። ከመካከላቸው ጉልበቱን በፋሻ የጠመጠመ አለ፤ ሐኪም «በቃህ» ያለው አለ፤ ጨዋታው እንዳለቀ ጥብስና ዱለት አዝዞ በሁለት ሰዓት ሩጫ ያወረደውን በሃያ ደቂቃ የሚመልስ አለ። የፈለጉት ጤና ቢሆን ኖሮ ከቤታቸው ተነሥተው አንድ ሰዓት በእግራቸው ሄደው ቢመለሱ ይበቃቸው ነበር፤ ቁርጭምጭሚትም ወለም አይልም።

የመጡት ለኳሷ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ግን ለአዋቂ ሰው ይከብዳል። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የእናት መድኃኒት የሚጠብቀው ሰው «ኳስ ልጫወት ነው» ብሎ ከቤት ሲወጣ ቃሉ ለራሱ ጆሮ እንኳ ይጎረብጠዋል። ስለዚህ ዋስ ይጠራል። ለኳስ ጤና ዋስ ይሆናል፣ ለሙዚቃ ባህል ዋስ ይሆናል። አድገን ጨዋታ የተውነው ጊዜ አጥተን ነው እንላለን። ጊዜማ ለስብሰባ ይገኛል፣ ለሠርግ ይገኛል፣ ስልክ ላይ ለማፍጠጥም ይተርፋል። ከጊዜው በፊት ያጣነው ፈቃዱን ይመስለኛል፤ ምንም የማይጠቅመኝን ነገር ስለወደድኩት ብቻ አደርጋለሁ ብሎ ያለ ዋስ የመቆም ፈቃድ።

ልጅ ይህ ችግር የለበትም። «ኳስ እንጀራ አይሆንም» እየተባልን ማደጋችን እውነት ነው፤ ልጅ ግን ለዚህ መልስ አለው፤ እንጀራ ሊያደርገው ያስባል። ከካልሲ የተሠራች ኳስ የሚያንከባልል የሠፈር ልጅ ልቡ ካምቦሎጆ ስታዲየም ነው። ጊታር የሚነካካ ወጣት መድረኩ ከወዲሁ ይታየዋል። የልጅ ጨዋታ ግማሹ ተስፋ ነው። ያ ተስፋ ከሰላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ሳያስታውቅ ይሞታል። አንድ ቀን ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት እያየህ ሜዳ ላይ ያሉት ሁሉ በዕድሜ እንደሚያንሱህ ትረዳለህ። ጥቂት ዓመት ቆይተህ ደግሞ አሠልጣኙ እኩያህ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ብዙ ሰው ኳሱንም ጊታሩንም የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ካልሆንኩ ምን ያደርግልኛል ይላል። የእኔ እምነት ግልባጩ ነው፤ ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። ተስፋው ሲወድቅ ኳሷ ብቻዋን ትቀራለች። በ45 ዓመቱ በግራ መስመር እያለከለከ የሚሮጥን ሰው የሚያይ መልማይ የለም። ቅዳሜ ያማረች ኳስ ቢያቀብል ሰኞ ደመወዙ ላይ የሚጨመርለት ነገር የለም። ኳሷን ያቀበላት እንድትደርስ ብሎ ነው፤ በቃ።

አርስቶትል በዚህ አይስማማም። በሥነ ምግባር መጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል ላይ ጨዋታ ዕረፍት ነው፣ ዕረፍት ደግሞ ተመልሶ ለመሥራት ነው ይላል፤ ዕድሜ ልክ ለፍቶ የልፋቱ ግብ መጫወት ቢሆን ለእርሱ ቂልነትና ልጅነት ነው። የጤና ቡድኑ ሰብሳቢ አርስቶትልን ሳያነብ የእርሱ ደቀ መዝሙር ነው፤ ሰኞ በብርታት ሥራ ለመግባት ቅዳሜ እንሮጣለን ይላል። የኔዘርላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» ነገሩን ገልብጦ አየው። ጨዋታ ከተራው ኑሮ ወጣ ያለ፣ የራሱ ሜዳና የራሱ ሰዓት ያለው፣ ትርፍ የማይታሰብበት ነጻ ድርጊት ነው አለና፣ ሕግም ሥርዓትም ግጥምም ከዚያ አፈር እንደበቀሉ ተከራከረ። እኔ ከሁለቱም አስበልጬ የምወደው ፈላስፋውን በርናርድ ሱትስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው መጽሐፉ በተረቱ ሰነፍ ተብሎ የሚሰደበውን ፌንጣ ጀግና አድርጎ አስነሣውና አንድ ቀላል ነገር አሳየን። የጎልፍ ተጫዋች ዓላማው ኳሷን ጉድጓዷ ውስጥ መክተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በእጁ ይዟት ሄዶ ይከታት ነበር። ተጫዋች ግን ጠማማውን መንገድ ወድዶ ይመርጣል፤ እንቅፋቱን የሚቀበለው ጨዋታው እንዲኖርለት ነው። ጎል ማስቆጠር ብቻውን ደስታ ቢሆን ሌሊት ባዶ ሜዳ ገብቶ ሲያስቆጥሩ ማደር ይቻላል። እስካሁን እንዲህ ያደረገ ሰው አልሰማሁም።

አዋቂ መጫወቱ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ገናን የሚጫወተው ሕፃን ብቻ አልነበረም፤ ጎረምሳውም ባለርስቱም እሩሯን እያሳደደ ሜዳ ይወርድ ነበር። በዚያች ዕለት ጌታ በሎሌው በትር ቢመታ እንኳ ቂም እንደማይይዝ የታወቀ ነው። ጉግስ የጎልማሳ ጨዋታ ነበር፤ ገበጣውም ሽማግሌ ያስቀምጥ ነበር። ያኔ ፈቃዱን የሚሰጠው ቀኑ ነው። በዓሉ ሲደርስ መጫወት ከግዴታ አይተናነስም፤ ምክንያትህን የሚጠይቅህ የለም። ከተማ ገብተን ደመወዝተኛ ስንሆን ጨዋታው የእያንዳንዱ የግል ጉዳይ ሆነ። በግል ጉዳይ ላይ ደግሞ ሰበብ ይጠየቃል።

የዚያ የገና ሜዳ ርዝራዥ አሁንም በጤና ቡድን ውስጥ አለ። ሰኞ ባለጉዳዩ ቢሮው ደጅ ላይ ቆሞ «ይፈቅዱልኛል?» የሚለው የመምሪያ ኃላፊ፣ ቅዳሜ ኳስ ሲይዝ «አንተ! አቀብል እንጂ!» ይባላል። «ያቀብሉ» እስኪባል ተከላካይ ይደርሳል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው በረኛ ኳስ በእግራቸው መካከል ሾልካ ስትገባባቸው ልጃቸው የሚሆን ተከላካይ ጮኸባቸው። አልተቆጡም። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ መረብ ስለሌለ ኳሷን ከአጥሩ ሥር ለቅመው አመጡና «አንተስ ማንን ይዘህ ነበር?» አሉት። ቡና ቤት ሲገባ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር የሳበላቸው ያው ጯሂ ነው። ጤና እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።

መጫወት ያቃተው ይከታተላል። መከታተልም ቢሆን ከውጭ ለሚያየው ትርጉም የለሽ ነው። አርሰናል እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝን ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ዋንጫውን ሳያየው ቆየ። በእነዚህ ዓመታት የአዲስ አበባ የአርሰናል ደጋፊ አገባ፣ ወለደ፣ ልጁን ቀይና ነጭ ማልያ አለበሰ፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ እየተሳለቁበት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ተመልሶ ገባ። ጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ደርሰው፣ በአሥር ሰው ተጫውተው፣ በአዳነ ግርማ ጎል ከዛምቢያ ጋር አንድ ለአንድ ሲለያዩ በአንድ ነጥብ ያለቀሰ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ጥቂት አልነበረም። ማንም ጥቅሙን አላሰላም።

አሁን ግን የሚያሰላ መጥቷል። አወራራጅ ቤቱ የከፋኝ ገንዘብ ስለሚበላ ብቻ አይደለም፤ እርሱን ሌላው ይናገረው። የከፋኝ ጨዋታውን እንደገና ወደ ሥራ ስለመለሰው ነው። ትኬት ይዞ ኳስ የሚያይ ሰው ኳስ አያይም። ሁለት ለዜሮ የሚመራው የራሱ ቡድን ሦስተኛ ሲያገባ፣ በ«ከሦስት በታች» ስለያዘ፣ ፊቱን ሲያጨማድድ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ድሉ ለኪሳራ ሆነበት። ጤና የሚባለው ዋስ ቢያንስ ሜዳው ላይ አይገባም፤ ገንዘብ ግን ዋስ ሆኖ ገብቶ ጨዋታውን ራሱ ይወርሰዋል።

ሙዚቃ ላይ ፈቃዱም ሰዓቱም አብረው ይጠባሉ፤ ሙዚቃ የምሽት ነውና። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሆቴሎች በራቸውን ከውስጥ ዘግተው እስኪነጋ ያጫውቱ ነበር ይባላል፤ የመጣ ሰው የሚወጣው ሲነጋ ነው። የዛሬው ሰዓት እላፊ በየቤቱ ታውጇል። ልጅ መተኛት አለበት፣ ነገ ሥራ አለ፣ ሌሊት የታክሲው ዋጋ ሌላ ነው። ቤቶቹም አይጠብቁህም። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. ሲቃጠል የጃዝ ቤቱ ጃዛምባ አብሮ ሄደ። ካዛንቺስ ሲፈርስ አዝማሪ ቤቱ ፈንድቃ ከኖረበት ቦታ ተነሣ። አንድ ሰው «እስቲ እንደ ድሮው» ብሎ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ የሚያውቀው በር ቦታው ላይ የለም።

ሆኖም የቦታውን ነገር እንደ ሙሉ ምክንያት አልቀበለውም። ማሕሙድ አሕመድ ጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ 83 ዓመቱ ነበር። ዘፋኙ በ83 ዓመቱ መድረክ ላይ ሲቆም አድማጩ በ42 ዓመቱ «አርጅቻለሁ» ብሎ ሶፋው ላይ ይቀራል።

ሶፋው ላይ የቀረው ሰው ሙዚቃውን በስልኩ ይሰማል፤ ምን ጎደለበት? ድምፁ እንዲያውም ይጠራል። የጎደለው ግን አዝማሪ ቤት አንድ ምሽት ሲቀመጡ ይታያል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዞራል፤ እየዘፈነ ይቃኝሃል። መላጣህን አይቷል፣ ከማን ጋር እንደመጣህ አይቷል፣ ቢራህ ሳይቀዘቅዝ እንደቀረበልህ ሳይቀር አይቷል፤ ሁለት ስንኝ ሳይሞላ ሁሉንም ግጥም ውስጥ ከትቶ ቤቱን በአንተ ላይ ያስቀዋል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ትመልሳለህ፤ ይቀበልሃል፣ አሳምሮም ይመልስልሃል። ብሩን ግንባሩ ላይ ስትለጥፍለት የከፈልከው ለመታየትህ ጭምር ነው። የተቀዳ ሙዚቃ አያውቅህም። ሊሰድብህም አይችልም።

ለዚህ ነው ባህል የሚባለው ዋስ የማይጥመኝ። ባህል ነው ተብሎ የመጣ ሰው ሙዚየም እንደገባ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፤ የግጥሙ ወርቅ ሲነገር እርሱ ብርሃኑን እያስተካከለ ነው። አጠገቡ ያለ፣ ሥራ አድክሞት ዝም ብሎ የገባው ሹፌር ስቆ ጨርሷል።

ጌም ጋ ስንመጣ ዋስ የሚባል የለም። ጤና አይሆንም፤ ተቀምጠህ ነው። ባህልም ነው ብሎ የሚከራከርልህ አታገኝም። በ1990ዎቹ በየሠፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲከፈት ቁጭ ብለው በጌም ሒሳብ እየከፈሉ ፊፋና ዊኒንግ ኢለቨን የተጫወቱት፣ ከዚያ በፊትም ጆተኒ ላይ ተጋፍተው ያደጉት ልጆች ዛሬ የሂሳብ ሹም፣ ነርስ፣ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። አንዳንዶቹ አልተዉትም። የማውቀው የሂሳብ ባለሙያ ፕሌይስቴሽኑን ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጦ ዳንቴል ያለብሰዋል። የሚስቱ ወላጆች ሲመጡ ጆይስቲኮቹ ወደ ቁም ሳጥን ይገባሉ። እነዚሁ አማቶች እርሱ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት የቱርክ ድራማ ቢያይ አንድ ቃል አይናገሩትም ነበር። ማየት ለአዋቂ ተፈቅዷል፤ ማድረግ ነው ነውሩ። ይህ ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበት አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም፤ የሚያይ ሰው ደክሞት ነው ስለሚባል ይሆናል፤ የሚጫወት ሰው ግን ጉልበት ተርፎታል ማለት ነው፣ የተረፈ ጉልበት ደግሞ ለቤተሰብ ነበር የሚገባው።

«እውነት አይደለም እኮ» የሚለው ክስ ግን አያስኬድም። በሁለት ድንጋይ መካከል የምታልፍ ኳስ ከቴሌቪዥኑ ጎል በምን ትበልጣለች? ሁለቱንም ጎል ያደረጋቸው የተጫዋቾቹ ስምምነት ነው። እንዲያውም ጌም አዋቂ ከሌላ ቦታ የማያገኘውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ዋጋ የማያስከፍል ስህተት። ሥራ ላይ ተሳስተህ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሃል፤ ልጅ ማሳደግ ላይ ተሳስተህ ስህተቱ ከአንተ በኋላም ይኖራል። እዚህ አንድ ድልድይ ላይ አሥር ጊዜ ትወድቃለህ፣ አሥራ አንደኛውን ትሞክራለህ፤ የቆጠረብህ የለም። እንደ ጀማሪ ሞኝ ለመሆን ፈቃድ የሚገኝባቸው ሰዓቶች በጎልማሳ ሳምንት ውስጥ ስንት ናቸው?

ችግሩ የጌሞቹ ሠሪዎችም አዋቂውን ማወቃቸው ነው። በየቀኑ ግባና ሽልማትህን ውሰድ፣ ካልገባህ ያመልጥሃል የሚለው ጨዋታ የሰዓት ፊርማ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ሌላው ጋ መፈረም ነው። ካርድ እየገዙ ቡድን የሚገነቡበት የእግር ኳስ ጌምም ለእኔ የአወራራጅ ቤቱ የሥጋ ዘመድ ነው። እነዚህን መተው ያስፈልጋል፤ ያለ ጸጸት። ባለታሪኩ ጌም ግን ይጠብቃል። ዊቸር 3 ዋናውን ታሪክ ብቻ ለመጨረስ 50 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በሳምንት አንዲት ሰዓት ላለው ሰው ይህ አንድ ዓመት ነው። ልጆች በአንድ የክረምት ወር የሚጨርሱትን እርሱ ከመስከረም እስከ መስከረም ይዞት ይዞራል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የትኛውን መንገድ ይዤ ነበር ይላል። በዚህ የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። ቀስ ብሎ ከማንበብ ምን ይለየዋል?

በኢንተርኔት ሲጫወት ግን እንደ ልብ ፖዝ ማድረግ የለም። የሂሳብ ባለሙያው 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ አንድ ለዜሮ እየመራ፣ ትንሿ ልጅ ታለቅሳለች። ጆይስቲኩን አስቀምጦ ይነሣል። ሲመለስ አምስት ገብቶበታል። የት እንዳለ የማይታወቅ አንድ ጎረምሳ በዚያች ሌሊት አንድ አዋቂ አሸነፍኩ ብሎ ተኝቷል።

አሁን ስለ ፈቃድ ይህን ሁሉ ስናገር ማን ለማን እንደሚፈቅድ ማለፍ አልችልም። ገናውም ጉግሱም የወንድ ነበር። የጤና ቡድኑ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሲጫወትና አንድ ሰዓት ቁርስ ሲበላ ልጆቹን ያለበሰ፣ ገበያ የወጣ፣ ልብስ የዘፈዘፈ ሌላ ሰው አለ። የሴት መዝናኛ ተብሎ የሚጠቀሰው ቡና እንኳ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ሲኒ አጥባ የምታርፍበት ነው። ባል ያለ ዋስ ልጫወት ሲል ሳያውቀው ሚስቱን ዋስ ጠርቷል፤ ዕዳውን የምትከፍለው እርሷ ናት። ይህን የማያነሣ የጨዋታ ፍልስፍና ግማሹ ጎድሎታል፤ የሱትስም ፌንጣ ማን እንደሚያበስልለት አልነገረንም።

የሂሳብ ባለሙያው ቤት ክርክሩ ተነሥቶ ነበር፤ ተራ በመግባት አለቀ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጆቹን እርሱ ያስተኛል፤ ሳሎኑ የእርሷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተኛችበት፤ ኋላ ጆይስቲኩን አነሣች። የመረጠችው ጂቲኤን ነው፤ የወንበዴ ጌም፤ ሎስ አንጀለስን በምትመስል ሎስ ሳንቶስ በምትባል ከተማ ውስጥ መኪና ተሰርቆ፣ ባንክ ተዘርፎ ከፖሊስ የሚሮጥበት። እርሷ መዝረፉን ትታ መንዳት ብቻ ነው የያዘችው። መንጃ ፈቃድ የላትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ሬዲዮኑን ከፍታ በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ስትፈልግ ወደ ተራራው ትታጠፋለች፣ መብራት ሲይዛት ትቆማለች። ባል በር ላይ ቆሞ ሲያይ አላስቻለውም፤ ከኋላዋ ያሉት መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ነው።

«እለፊ እንጂ፣ ማን ይይዝሻል?»

«ቀይ ነው።»

«ጌም እኮ ነው!»

«አውቃለሁ፤ አንተ ልጆቹን አስተኝ።»